ሰባራ ሲኒ ስንት ያወጣል?

«ቆራሌው!» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ነጋዴ የማይገዛው ዕቃ የለም ማለት ይቻላል። ባዶ ጠርሙስ፣ የተጨማደደ ጣሳ፣ የዛገ ብረት፣ ያረጀ ጫማ በእሱ ዘንድ ዋጋ አለው። «ልዋጭ» ባዩም በበኩሉ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ አዲስ ሲኒና ሳህን ይሰጣል። ሁለቱም የማይነኩት ዕቃ ቢኖር የተሰበረው ሲኒና የተሰበረው ሳህን ነው። ሲያነሱት እጅ ይቆርጣል፣ ሲመዝኑት ገዢ የለውም፤ ባለቤቱም «ክፉውን ይዞ ይሂድ» ብሎ ከደጅ ይጥለዋል። በከተማ ውስጥ ደላላ ያልገባበት ሸቀጥ ቢፈለግ ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

ይሁንና ይኸው ጥራጊ በሌላው ዓለም ግድግዳና ወለል፣ ጠረጴዛና አግዳሚ ወንበር ሲያስጌጥ ኖሯል፤ አልፎ ተርፎም መግቢያ የሚከፈልበት መስህብ ሆኗል። ሥራው ሞዛይክ ይባላል። ጥቃቅን ስባሪዎችን በመደብ ላይ እየገጣጠሙ ለጥፎ ክፍተቱን በሲሚንቶ መሙላት ነው። በጎንደር፣ በተለይም ቡና ጠጡውና ምግብ ቤቱ በበዛበት በማራኪ፣ ይህ ሥራ ያዋጣል ወይ? ሒሳቡ ሲታይ መልሱ «ያዋጣል፤ ገዢው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ካልታወቀ ግን አያዋጣም» የሚል ይሆናል።

የተከፈለበት ጥራጊ

በአማርኛ የሸክላ ስባሪ የራሱ ስም አለው፤ ገል ይባላል። ድሮ ከጎረቤት እሳት የሚጫረው በገል ነበር። ዕጣን የሚጨሰውም በገል ላይ ነው። በብዙ የአገሪቱ ክፍል ሸክላ ሠሪዋ ገል ፈጭታ ከጭቃው ጋር ትቀይጠዋለች፤ ዕቃው ሲደርቅና ሲተኮስ እንዳይሰነጠቅ ይረዳታል። የጀበናና የድስት ስባሪ እንግዲህ ከጥንትም ሥራ ፈት አልነበረም። ሥራ ያጣው ከውጭ የመጣው ነው። ሲኒ የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የተወረሰ ሲሆን ትርጉሙ «የቻይና» ማለት ነው፤ ዛሬም በገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ሲኒ ከዚያው አገር የሚመጣ ነው።

በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ዙሪያ ተማሪ እስካለ ድረስ ቡና ጠጡ አለ። አንድ ሲኒ በቀን ብዙ ጊዜ ይቀዳበታል፣ በሳፋ ይታጠባል፣ በረከቦት ላይ ይደረደራል። ጆሮው ቢነቀል ወይም ከንፈሩ ቢሸረፍ ለእንግዳ አይቀርብም። ሲኒ የሚሸጠው በግማሽ ደርዘንና በደርዘን ስለሆነ አንዱ ሲሰበር የቀሩት አምስቱ ጓደኛ ያጣሉ፤ በየቤቱ ቡፌ ውስጥ እንዲህ ወላጅ አልባ ሆነው የተቀመጡ ሲኒዎች ጥቂት አይደሉም።

ከሱቅ በፊት የሚሰበረውም አለ። ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ካርቶኑ ሲጫንና ሲራገፍ የሚደርሰውን ስብራት የዕቃ ነጋዴ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የተሰበረውን ዋጋ ባልተሰበረው ላይ ደምሮ ይሸጣል። በሌላ አነጋገር ሸማቹ ለስባሪውም ከፍሏል፤ ስባሪውን ግን አልወሰደም።

ከሁሉ የሚበልጠው ምንጭ ግን ግንባታ ነው። ሴራሚክ አንጣፊ በየጥጉ እየቆረጠ የሚጥለው ቁራጭ፣ ቤት ሲታደስ ከመታጠቢያ ቤት ግድግዳ የሚፈነቀለው፣ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፈረሱ ቤቶች የወጣው ሁሉ በዚህ ይደመራል። ቤት ሲፈርስ በሩና መስኮቱ፣ ቆርቆሮውና አጣናው ወዲያው ደላላ ያገኛል፤ ሴራሚኩ ከአፈሩ ጋር ተጭኖ ይደፋል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ሴራሚክ በዚያው መጠን ሲወደድ የስባሪው ነገር ትኩረት የሚስብ መሆን ነበረበት።

ሁሉም ስባሪ አይሆንም። ሜላሚንና ፕላስቲክ በሲሚንቶ አይያዝም። ብርጭቆ ስለታም ነው፤ ብርሃን ስለሚያሳልፍም ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ይታያል። የሚፈለገው ሲኒ፣ ሳህንና ሴራሚክ ነው፤ ከእነዚህም መካከል ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ሠላሳ አምስት ሲኒ ወይስ ስድስት ሳህን?

ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ የካፌ ጠረጴዛ ቢታሰብ ፊቱ 2,800 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የአንድ ሲኒ ጎን ተዘርግቶ 80 ካሬ ሳንቲ ሜትር ቢሰጥ ጠረጴዛውን ለመሸፈን 35 ሲኒ ይጠይቃል። ወርዱ 24 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳህን ግን ብቻውን 450 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይይዛል፤ ስድስት ሳህን ይበቃል ማለት ነው። በዚያ ላይ የሲኒ ስባሪ ጎባጣ ነው። ወደ ሁለት ሳንቲ ሜትር ካልተቆረጠ ፊቱ አይስተካከልም፤ ብርጭቆ ሲቀመጥበት የሚያጋድል ጠረጴዛም በማግስቱ ለሠሪው ይመለሳል። ስለዚህ ጥሬ ዕቃ ሰብሳቢ መፈለግ ያለበት በመጀመሪያ ሴራሚክና ሳህን ነው። ሲኒ ለጌጡ ይገባል፦ አበባው፣ የወርቅ ቅቡ፣ ጆሮው።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ሳህኑ በጆንያ ተጠቅልሎ በመዶሻ ይመታል፤ ያለ ጆንያ የሚመታ ሰው ዓይኑን አደጋ ላይ ይጥላል። ከዚያ ስባሪው በፒንሳ እየተቀነጠሰ ቅርጽ ይይዛል። ሁለት ትንንሽ የብረት ጎማዎች ያሉት መቁረጫ ከተገኘ ብክነቱ በብዙ ይቀንሳል። ሲቆረጥ የሚወጣው ብናኝ ለሳንባ ጠንቅ ስለሆነ ስባሪውን በውኃ እያራሱ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ መሥራት ግድ ነው። የድሮ ባለ ቀለም ሳህን በቅቡ ውስጥ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ምግብ በቀጥታ የሚነካው ዕቃ ከእሱ ባይሠራ ይመረጣል።

ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ጠረጴዛ ኮምፔንሳቶና ነጭ ኮላ ይበቃል። ለውጭ ግድግዳና ውኃ ለሚነካው ሁሉ ግን የሲሚንቶ መደብና የሴራሚክ ማጣበቂያ ያስፈልጋል፤ ኮምፔንሳቶ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሥራውም ተፈንቅሎ ይወድቃል። ስባሪው ተለጥፎ ካደረ በኋላ ክፍተቱ በቦያካ ይሞላል። ጀማሪ የሚበላሽበት እዚህ ላይ ነው፦ ትርፉን ቦያካ ሳይደርቅ በእርጥብ ስፖንጅ ካልጠረገ አበባውም የወርቅ ቅቡም ደብዝዞ ይቀራል። የሲሚንቶው ቀለምም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ነጭ ስባሪ በነጭ ሲሚንቶ ሲሞላ አንድ ወጥ ሆኖ ይጠፋል፤ በግራጫው ሲሞላ እያንዳንዱ ቁራጭ ጎልቶ ይወጣል። ደግነቱ ርካሹ ግራጫው ነው።

ለዳባት፣ ለደባርቅና ለስሜን ተራሮች ሎጆች ሊሠራ ያሰበ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ አለበት። በደጋው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ውኃ የሚመጥ ስባሪ ውርጭ ሲመታው ከውስጥ ይሰነጠቃል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ በተሰበረው ጠርዝ ላይ የውኃ ጠብታ ማሳረፍ። ጠብታው ከሰረገ ስባሪው ለቤት ውስጥ፣ ካልሰረገ ለውጭ ይሆናል።

የንጉሡ እልፍኝ ለምን ሳያልቅ ቀረ?

ጥቃቅን ቁራጭ ገጣጥሞ ማስጌጥ ለጎንደር እንግዳ ሙያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ የዳግማዊ ኢያሱን እልፍኝ ሲገልጽ ከግድግዳው ታችኛው ክፍል የዝሆን ጥርስ፣ ከዚያ በላይ ከቬኒስ የመጡ መስተዋቶች እንደነበሩ ጽፏል። ጣሪያው ግን የቤተ እስራኤል ባለሙያዎች ሥራ ነበር። ሸምበቆ ሰንጥቀው፣ ቀለም ቀብተው፣ በሞዛይክ መልክ ገጣጥመውታል፤ ብሩስም ውበቱን አድንቆ አልጠገበም።

ለነጋዴ የሚጠቅመው የታሪኩ መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1730 እስከ 1755 የነገሠው ንጉሥ እልፍኙን ሳያስፈጽም ሞተ። እንደ ብሩስ አጻጻፍ ሥራውን የገታው የመስተዋት እጥረት ነው። ሸምበቆው አላነሰም፤ ያነሰው ከባሕር ማዶ የሚመጣው ነበር። ንጉሡ ካለፈ በኋላ ባለሙያዎቹ አዛዥ አጥተው ኮርቻና ልጓም ወደ ማስጌጥ ዞሩ። የጥሬ ዕቃ ችግርና የአንድ ገዢ ጥገኝነት ከዛሬ 270 ዓመት በፊትም ሥራ ያፈርስ ነበር ማለት ነው።

ከወለቃ የተገኘ ትምህርት

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው እንደወጡ ወለቃ ይገኛል። የቤተ እስራኤል ሴቶች በእጃቸው ብቻ፣ ያለ መዘውር፣ ድስትና ጀበና ይሠሩበት የነበረ መንደር ነው። የውጭ ጎብኚ መምጣት ሲጀምር ትንንሽ የሸክላ ምስሎች መሥራት ያዙ፤ አንበሳ፣ ቄስ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። ድስት ለገበሬ ይሸጥ ነበር፤ ምስሉ ለቱሪስት።

አብዛኛዎቹ ባለሙያዎች በ1977 ዓ.ም. እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄዱ። በግንቦቱ ብቻ ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰው ተወስዷል። ሙያው ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ በአካባቢው የቀሩ ሴቶች ያዙት። ፕላውሼር የተባለው የሴቶች ማሠልጠኛም በዚያው በወለቃ ችግረኛ ሴቶችን ሸክላ ሥራና ሽመና አስተምሯል። ሸክላ ሠሪን በክፉ ስም የሚጠራ ኅብረተሰብ ባለበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ያዳገተው ገዢው ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በ2013 የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ቆየ። በመንገድ ዳር የተደረደረ የሸክላ ምስል አውቶቡስ ካልቆመለት እንደ ድስት በቅዳሜ ገበያ ገዢ አያገኝም። ሞዛይክ ለመሥራት የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የቱሪስት ማስታወሻ ከሆነ ወለቃ ሄዶ ቢያይ ይሻለዋል። ክብደቱም አይመችም። ስምንት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሴራሚክ በካሬ ሜትር ከ16 እስከ 19 ኪሎ ይመዝናል፤ ማጣበቂያና ቦያካ ሳይቆጠር። ሻንጣው 23 ኪሎ የተፈቀደለት መንገደኛ የመስተዋት ጠርዝ ወይም የድስት ማስቀመጫ ይወስድ እንደሆነ እንጂ ጠረጴዛ አይሸከምም።

በሌላው ዓለም የሰባራ ዕቃ ሞዛይክ ገንዘብ ያስገባው ቦታው ራሱ ሲጎበኝ ነው። በስፔን ባርሴሎና አንቶኒ ጋውዲ የነደፈው ፓርክ ጉዌል እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1914 ሲሠራ ዋና ዓላማው ቤት መሥሪያ ቦታ መሸጥ ነበር። ባለሀብቱ ኤውሴቢ ጉዌል 60 ያህል ቦታ አዘጋጅቶ የተሠራው ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ በሪል ስቴት ቋንቋ ከሰረ። አግዳሚው ወንበር ግን በሰባራ ሳህንና ከፋብሪካ በተጣለ ሴራሚክ ተለብጦ ነበር። ከተማው በ1922 ገዛው፣ በ1984 ዩኔስኮ መዘገበው፣ ከ2013 ጀምሮም ዋናው ክፍል መግቢያ ያስከፍላል። በሕንድ ቻንዲጋር ኔክ ቻንድ የተባለ የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ ከ1957 ጀምሮ በድብቅ፣ ማታ ማታ፣ ሰባራ ዕቃና አምባር እየለቀመ በመንግሥት ጫካ ውስጥ የአትክልት ስፍራ ሠራ። ባለሥልጣኖች ሲደርሱበት ከማፍረስ ይልቅ ደመወዝና ሠራተኛ ሰጡት፤ በ1976 ለሕዝብ ተከፈተ። የሁለቱም ዘመን እ.ኤ.አ. ነው።

በአገር ውስጥም ለጥራጊ ዋጋ መስጠት አዲስ አይደለም። ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚገዛውን የኤሌክትሮኒክስ ስብርባሪ ገጣጥሞ የሚሠራቸው ትልልቅ ሰሌዳዎች ዓለም አቀፍ ስም አስገኝተውለታል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በዋሽንግተን ከሚገኘው የስሚዝሶንያን የአፍሪካ ኪነ ጥበብ ሙዚየም ሽልማት አግኝቷል። ያ ግን የአንድ ታላቅ ሠዓሊ መንገድ ነው፤ ለንግድ የሚነሳ ሰው በዚያ ዋጋ ሒሳብ ቢጀምር ይሳሳታል።

ገዢው በከተማው አለ

ለንግድ የሚቀርበው ምሳሌ ኮብልስቶን ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በየከተማው ድንጋይ እየጠረቡ የሚያነጥፉ ወጣቶች፣ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ጭምር፣ የገቢ ምንጭ ያገኙት ድንጋይ አዲስ ስለተገኘ አይደለም። ማዘጋጃ ቤት በካሬ ሜትር ሒሳብ የሚገዛ ደንበኛ ስለሆነ ነው። ሞዛይክም እንዲሁ በካሬ ሜትር የሚዋዋል ገዢ ይፈልጋል። በኮሪደር ልማት በተነካ ከተማ ውስጥ ያለው የድጋፍ ግንብና የአደባባይ አግዳሚ ወንበር ብዙ ነው። ከመንግሥት ሥራ በፊት ግን ካፌና ሆቴል ይቀድማሉ፤ ውሳኔው የአንድ ሰው ስለሆነ ይፈጥናል። የባንኮኒ ፊት፣ የእጅ መታጠቢያ ጀርባ፣ የመግቢያ ወለል በሙሉ ሴራሚክ ከመልበስ ይልቅ በሞዛይክ ሊጌጥ ይችላል። ቡና ጠጡውስ? ሰፊው የእንጨት ረከቦት ፊቱ በራሱ ሰባራ ሲኒ ቢለበጥ ለደንበኛ የሚታይ ጌጥ፣ ለባለቤቷም በቀላሉ የሚጠረግ ገጽ ይሆናል።

የመቃብር ሐውልት ሠሪዎችም ሴራሚክና እምነ በረድ በብዛት የሚጠቀሙ ናቸው፤ ወደዚህ ገበያ የሚገባ ግን ይጠንቀቅ። ለሟች ሰባራ አይሆንም የሚል ቤተሰብ አያጣም። እንዲያውም «ሰባራ» የሚለው ቃል በየትኛውም ገበያ ዋጋ ይሰብራል። ሸቀጡ ሞዛይክ ተብሎ ቢቀርብ ሰባራነቱን ገዢው ራሱ ሲያይ ይደርስበታል፤ ያኔ ወዶታል ወይም አልወደደውም።

ወጪው ከስባሪው ሳይሆን ከእጅ ነው። ሴራሚክ አንጣፊ በቀን ብዙ ካሬ ሜትር ይጨርሳል። ሞዛይክ የሚገጣጥም የተካነ ሰው ግን ስዕል ያለበት ሥራ ከሆነ በቀን ከአንድ ካሬ በታች ነው የሚሄደው። በአንጣፊ ዋጋ የተዋዋለ ሞዛይክ ሠሪ በሳምንቱ መጨረሻ ኪሳራውን ይቆጥራል። ደላላም ቢሆን ኮሚሽኑን ሲያሰላ ይህን ማወቅ አለበት፤ የሚያገናኘው ስባሪ ሻጭና ገዢን ሳይሆን የእጅ ሥራና ግድግዳን ነው።

ጊዜውም ይታሰባል። በጎንደር ገበያው የሚደምቀው ለጥምቀት ነው። አንድ ካፌ 12 ካሬ ሜትር ግድግዳ ለጥር 11 ቢያዝ፣ ሁለት ሠራተኞች እያንዳንዳቸው በቀን ግማሽ ካሬ ቢሠሩ፣ መለጠፉ ብቻ 12 የሥራ ቀን ይወስዳል። አንድ ካሬ ሜትር 22 ሳህን ያህል ስለሚፈልግ ለግድግዳው 264 ሳህን ያስፈልጋል፤ ብክነቱ ሲጨመር 300። ይህን ያህል ሳህን በአንድ ሳምንት የሚሰብር ምግብ ቤት የለም። ስለዚህ ለጥምቀት የሚደርሰው ግድግዳ የሚጀምረው በክረምት፣ ዝናብ ሲሚንቶ ሥራውን በያዘበት በሐምሌና በነሐሴ ነው፦ በየምግብ ቤቱና በየቡና ጠጡው ደጃፍ አንዳንድ ጆንያ በማስቀመጥ።